የዒላማ አጻጻፍ ጥበብ፦ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል እንደ ድርሰት ሲነበብ

የዓለም አቀፍ ስምምነት ሰነድ በሂስ ዐይን የሚነበብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕግ ዐዋቂው አስገዳጅነቱን ያያል፤ ዲፕሎማቱ ማን ማንን አስፈረመ የሚለውን ይመዝናል፤ አጻጻፉ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለውም። ይህ ዳሰሳ የኦዞንን ንጣፍ የሚያሳሱ ኬሚካሎችን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1987 ለፊርማ የቀረበውን የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በአጻጻፉ በኩል ይመለከታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ሃያ አንቀጾችና አንድ አባሪ ያሉት አጭር ሰነድ ነው። ጥያቄው ደግሞ ውል የሚያረቅን ሁሉ ይመለከታል፦ ዒላማና የጊዜ ገደብ እንዴት ቢጻፉ ይፈጸማሉ?

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች በፍሪጅ፣ በሽቶ መርጫና በስፖንጅ ሥራ የሚያገለግሉት ሲኤፍሲዎች ኦዞንን እንደሚጎዱ በ1974 አሳወቁ። በ1985 መንግሥታት ቪየና ላይ ተሰብስበው ስምምነት ፈረሙ፤ ሰነዱ ተገቢ እርምጃ እንደሚወሰድ ይናገራል፣ የቅነሳ ቁጥር ግን አንድም የለበትም። በዚያው ዓመት በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ያለው የኦዞን መሳሳት ይፋ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአካባቢ ፕሮግራም ይመሩ በነበሩት በግብፃዊው ሙስጠፋ ቶልባ ጎትጓችነት፣ ቪየና የሸሸችው ቁጥር ሞንትሪያል ላይ ተጻፈ።

የሰነዱ ብልሃት የሚጀምረው ብዙ አንባቢ ዘሎት ከሚያልፈው ከትርጓሜ ክፍሉ ነው። አንቀጽ 1 «ፍጆታ» ሲል ምርት ሲደመር ከውጭ የገባ፣ ሲቀነስ ወደ ውጭ የወጣ ማለቱ ነው። በየቤቱ ያለውን ፍሪጅ መቁጠር አይቻልም፤ ፋብሪካዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ጉምሩክም መዝገብ አለው። አርቃቂዎቹ የሚፈልጉትን ነገር በቀጥታ ለመለካት ከመድከም ይልቅ ሊቆጠር የሚችለውን መርጠው ውሉን በእሱ ላይ አቆሙ። ምርጫው ከባድ ዋጋም አስከፍሏል፤ እመለስበታለሁ።

የሥራው እምብርት አንቀጽ 2 ነው። ፕሮቶኮሉ በሥራ ላይ ከዋለበት ዕለት አንሥቶ በሰባተኛው ወር በሚጀምር የአሥራ ሁለት ወር ጊዜ የሲኤፍሲ ፍጆታ ከ1986 መጠን እንዳይበልጥ፤ ከሐምሌ 1993 ጀምሮ ከ1986ቱ 80 በመቶ እንዳያልፍ፤ ከሐምሌ 1998 ጀምሮ ወደ 50 በመቶ እንዲወርድ ይደነግጋል። ትረካ ቢሆን ኖሮ ትልሙ የተሟላ ነው እንል ነበር፦ መጀመሪያ ማቆም፣ ቀጥሎ ትንሽ መውረድ፣ ከዚያ ግማሽ። የመጀመሪያው እርከን ማንንም ብዙ አያስከፍልም፤ ግን ቆጠራውንና ሪፖርቱን ያስለምዳል። መነሻው ዓመት ደግሞ ባለፈው ጊዜ ውስጥ የተዘጋ ነው። በ1987 ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ተደራዳሪ የ1986ን ፍጆታ ሊያሳብጥ አይችልም። በእኔ ግምት ከሰነዱ ሁሉ በላጩ ውሳኔ ይህ ነው።

የአባሪው ሠንጠረዥም ሊታይ ይገባዋል። እያንዳንዱ ኬሚካል ኦዞንን በሚጎዳበት መጠን ክብደት ተሰጥቶታል፦ ሲኤፍሲ-11 አንድ ነጥብ፣ ሲኤፍሲ-113 ዜሮ ነጥብ ስምንት፣ ለእሳት ማጥፊያ የሚያገለግለው ሃሎን-1301 ዐሥር። ገደቡ በአንድ ምድብ ድምር ላይ እንጂ በየኬሚካሉ ላይ አልተጣለም። ስለዚህ አንዱ አገር ለኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ የሚፈልገውን ይዞ የመርጫውን ሊቀንስ ይችላል። ዒላማው ጥብቅ ሆኖ መንገዱ ለፈጻሚው ክፍት መተው፣ በውል ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል።

አንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 6 ግን ፈገግ ያሰኛል። ከመስከረም 1987 በፊት ግንባታው የተጀመረ ወይም ውል የተገባበት፣ ከጥር 1987 በፊት በአገሩ ሕግ የታወቀ፣ እስከ 1990 መጨረሻ የሚያልቅ ፋብሪካ ያለው አገር ምርቱን በመነሻው ላይ እንዲደምር ይፈቅዳል። የአገር ስም አልተጠራም፤ ልብሱ ግን የተሰፋው በሶቪየት ኅብረት የአምስት ዓመት ዕቅድ ልክ መሆኑን ማንም ያያል። ሆኖም አርቃቂዎቹ ጣሪያ አበጅተውለታል፦ የነፍስ ወከፍ ፍጆታው ከግማሽ ኪሎ እንዳይበልጥ። ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ በቀንና በመጠን መታጠር እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሰነዱን ከወረቀትነት ያወጣው አንቀጽ 6 ነው። ከ1990 ጀምሮ ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ዒላማዎቹ በሳይንስ፣ በቴክኒክና በኢኮኖሚ መረጃ እንዲገመገሙ ያዝዛል። አንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 9 ደግሞ ቀድሞ በተዘረዘሩት ኬሚካሎች ላይ ያለው ቁጥር አዲስ ማጽደቅ ሳያስፈልገው እንዲስተካከል በር ከፍቷል፤ መግባባት ከጠፋ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የተወሰነው ሁሉንም ይገዛል። ያንን ሃምሳ በመቶ ማንም ጨርሶ አልጠበቀውም። ለንደን ላይ በ1990 «በ2000 ዜሮ» ተባለ፤ ኮፐንሃገን ላይ በ1992 ለበለጸጉት አገሮች ቀኑ ወደ 1996 ተሳበ። የመጀመሪያው ቁጥር ትክክለኛ አልነበረም፣ ትክክለኛ እንዲሆንም አልተፈለገም፤ የሚታረምበት ቀን ግን አብሮት ተጽፏል።

አድናቆቱ እዚህ ላይ ይገታና ወደ ጉድለቶቹ እንሂድ። አንቀጽ 8 ውሉን ያልፈጸመ አገር ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱን ለመጀመሪያው ስብሰባ ያሳድራል። አንቀጽ 10 ስለ ቴክኒክ ድጋፍ ሲናገር በመጠንና በቀን የተለካ አንድም ግዴታ አይጥልም። ለሚቀንሰው ቁጥር፣ ለሚከፍለው መልካም ምኞት፤ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ቻይናና ህንድ ገንዘቡ በፈንድ መልክ ለንደን ላይ እስኪቋጠር ድረስ ከውጭ መቆየታቸው አያስደንቅም።

ሁለተኛው ነቀፋ ጠበቅ ይላል። ለታዳጊ አገሮች የዐሥር ዓመት ፋታ የሚሰጠው አንቀጽ 5 መነሻቸውን ከ1995 እስከ 1997 ባለው አማካይ፣ ማለትም ገና ባልመጡ ዓመታት ላይ አደረገ። መጪው ጊዜ መነሻ ከሆነ ዛሬ ብዙ የተጠቀመ ነገ ብዙ ይፈቀድለታል። የ1987ቱ አርቃቂ ግን ወጥመዱ ሳይገባው አልቀረም፤ አማካዩ ወይም በነፍስ ወከፍ 0.3 ኪሎ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይያዝ ብሎ ከደነው። ተከታዮቹ ክዳኑን አነሡት። በ2007 ሲኤፍሲን ለተካው ለኤችሲኤፍሲ የ2009 እና የ2010 አማካይ ተመረጠ፤ ኪጋሊ ላይ በ2016 ለሌላው ምትክ ለኤችኤፍሲ፣ ለአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች የ2020–2022 አማካይ ተወሰደና ከኤችሲኤፍሲ መነሻው 65 በመቶ ተጨመረበት። በሁለቱም ላይ የነፍስ ወከፍ ጣሪያ የለም። ለፍትሕ ሲባል የ2007ቱ ውሳኔ ቀድሞ የነበረውን የ2015 መነሻ ያሳጠረ በመሆኑ እርምት እንደነበር መናገር ያሻል። ቢሆንም የመጀመሪያው ብዕር ጥንቃቄ ጠፍቷል።

ሦስተኛው በአንቀጽ 1 የተመረጠው የቆጠራ ስልት ያስከፈለው ዋጋ ነው። ውሉ ምርትንና ንግድን እንጂ ወደ አየር የሚወጣውን አይቆጥርም። በ2018 ሳይንቲስቶች የሲኤፍሲ-11 ልቀት ሊኖር ከሚገባው በላይ መሆኑን አስታወቁ፤ በቀጣዩ ዓመት የጭማሪው ሰፊ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና እንደሚመጣ ታወቀ። ይህን ያጋለጡት የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ናቸው፤ አገሮች ለፕሮቶኮሉ ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ በሚልኩት ሪፖርት ላይ አልታየም። ከዚያ በኋላ ልቀቱ ቀንሷል፤ የአንቀጹ ክፍተት ግን እንዳለ ነው።

ለእኛ አንባቢ ሰነዱ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በአንቀጽ 5 ሥር ካሉት አገሮች አንዷ ናት። ፍሪጁ «ጋዝ ጨርሷል» ተብሎ ጥገና ቤት ሲገባ ከሲሊንደሩ የሚሞላለት አር-12 (ሲኤፍሲ-12) ቀርቶ አር-134ኤ የሆነው በአባሪው ሠንጠረዥ ምክንያት ነው፤ ኤችኤፍሲ የሆነው አር-134ኤም በተራው የኪጋሊው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የመነሻው ጉዳይም ለእኛ ቅርብ ነው፦ በየመሥሪያ ቤቱ በሐምሌ የሚፈረሙትን የአፈጻጸም ስምምነቶች ያየ ሰው መነሻው ባዶ ሆኖ ዒላማው «መቶ በመቶ» የተባለበት ሠንጠረዥ ሳይገጥመው አይቀርም።

ፍርዴ ይኸው ነው። የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ስለ ገንዘብና ስለ ተጠያቂነት ሲጽፍ ደካማ፣ ስለ መነሻ፣ ስለ እርከንና ስለ እርማት ሲጽፍ ግን የተዋጣለት ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ሁሉ አጽድቀውታል፤ በ2022 የወጣው ሳይንሳዊ ግምገማም አሁን ያለው ፖሊሲ ከቀጠለ የኦዞን ንጣፍ በአንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ይገምታል። ዒላማ ያለበት ውል ለማርቀቅ የተቀመጠ ባለሙያ አንቀጽ 1፣ 2 እና 6ን ደጋግሞ ያንብብ፤ አንቀጽ 8ን ግን አይቅዳ።