ካታሎግ የማያውቀው ሐዲድ

የሞዴል ባቡር መስመር መንደፊያ ሶፍትዌር ለመምረጥ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ዓይነት ሐዲድ አለው?” ብሎ ነው። ጀርመን ለሚኖር ሰው ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስክሪኑ ላይ የመረጠውን ከሱቅ ይገዛዋል። አትላስ ሰፈር ተቀምጦ የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ላሰበ ግን ጥያቄው ይገለበጣል፦ ፕሮግራሙ በየትኛውም ካታሎግ የሌለ ሐዲድ ያስስለኛል?

ነገሩ የሚጀምረው ከሐዲዱ ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር ነበረው። በተለመደው የ1 ለ87 ልኬት ሲቀነስ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአብዛኛው የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች አስቦ የተሠራ ነው። ስፋቱ ይስማማል፤ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት (የመገንጠያው) ማዕዘን ግን የአዲስ አበባው ጣቢያ የለገሃር አይደለም። ቦታውም ጠባብ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ በዚህ ልኬት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የ3 ሜትር ግድግዳ የሚይዘው የእውነቱን 261 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጣቢያ መርጦ እየጨመቁ መሳል ግድ ይላል፤ ጭመቃ ደግሞ በዝግጁ ቁርጥራጭ አይሆንም።

ታዲያ የትኛው ፕሮግራም ይሁን? ኤኒሬይል የተባለውን በአንድ ምሽት መልመድ ይቻላል፤ ነፃው ቅጂ ግን ከ50 ቁራጭ ሐዲድ አያልፍም፣ ሙሉውን ለመግዛትም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። የሰፈራችን ሞክሼ የሆነው የአሜሪካው አትላስ ኩባንያ ነፃ ፕሮግራም አለው፤ የሚያውቀው ግን የራሱን ሐዲድ ብቻ ነው። ኤክስትራክካድ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ሐዲዱ የሚከፈልበትን ቦታ በራስ ልኬት ያስነድፋል። ሚዛኑን የሚደፋልኝ ይህ ነው።

ኤክስትራክካድ አስቸጋሪ ነው የሚሉ አልተሳሳቱም። ገጽታው ያረጀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበሳጫሉ። ችግሩ ግን የሚከፈለው አንዴ ነው፤ የካታሎግ ፕሮግራም ግን በሌለው ቁራጭ ምትክ ሌላ በቀረበ ቁጥር ንድፉን ከለገሃር ያርቀዋል። በሃያ ሁለት ሰፈር በኩል የሚያልፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ለሚሠራ ሰው ግን ክርክሬ ይላላል፤ የእሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት በ1 ለ87 ከየትም ከሚገኘው የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ጋር ይገጥማል። ለእሱ ቀላሉ ፕሮግራም ይበቃዋል።

“ወረቀትና እርሳስ ምን አነሳቸው?” ለሚሉም መልስ አለ። እርሳስ ቸር ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈልገውን መገንጠያ በ15 ያስገባል። ስህተቱ የሚታየው ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሆኖም ወረቀት ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሐሳብ እዚያው ቢወጣ ይሻላል፣ ሶፍትዌሩ ግን ይለካው። ያለቀው ንድፍ በእውነተኛ መጠኑ ታትሞ ጣውላው ላይ ይለጠፍና ሐዲዱ በላዩ ይዘረጋል። ከዚያ በፊት ግን የ10 ሳንቲ ሜትር መስመር ብቻ አትሞ በማስመሪያ መለካት ነው፤ ማተሚያው ገጹን አጥብቦት ከሆነ እዚያው ይታወቃል።