የ75 ሳንቲም ዱካ

የወር ሒሳብ ሲዘጋ 75 ሳንቲም ቢጎድል አብዛኛው ሒሳብ ያዥ ከኪሱ ሞልቶ መዝገቡን ይከድናል። ክሊፎርድ ስቶል ግን አልከደነም። ይህ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 የምርምር ገንዘቡ አልቆበት በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ክፍል ተመድቦ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የጋራ ንብረት በመሆኑ ተመራማሪዎች በተጠቀሙበት ጊዜ ልክ ይከፍሉ ነበር። ለአዲሱ ሠራተኛ የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ሁለት የሒሳብ መዝገቦች በ75 ሳንቲም የሚለያዩበትን ምክንያት ማጣራት ሆነ። የዚያች ሳንቲም ዱካ ከላቦራቶሪው አውጥቶ፣ አትላንቲክን አሻግሮ፣ ጀርመን ሀኖቨር ከተማ ድረስ አደረሰው። አሥር ወር የፈጀውን ክትትል የተረከበት «ዘ ኩኩስ ኤግ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1989 ታተመ። የመረቡ ገመድ በአየር ከተተካና ባንክ በኪስ ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላም ይህ መጽሐፍ መነበብ የሚገባው ለምን እንደሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

ርእሱ ኩኩ ከተባለችው ወፍ የተወሰደ ነው። ኩኩ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ ባለጎጆዋም የራሷ መስሏት ታቅፋ ትፈለፍላለች። ሰርጎ ገቡ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤ ለማንቀሳቀስ የተሠራ አንድ ፕሮግራም ከሚገባው በላይ ሥልጣን ተሰጥቶት ስለነበር፣ ሰርጎ ገቡ በእርሱ አማካይነት የራሱን ፕሮግራም ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው በሚያስነሳው ታማኝ ፕሮግራም ቦታ ተካ። ማሽኑ የራሱ መስሎት አስነሳው፤ እንግዳውም በደቂቃዎች ውስጥ የቤቱ ጌታ ሆነ። ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች የገባበት መንገድ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነበር። ፋብሪካው ሲሸጣቸው የሰጣቸውን የይለፍ ቃል ማንም ያልቀየረላቸው ማሽኖች ብዙ ነበሩና እነዚያን የታወቁ ቃላት በየደጃፉ መሞከር በቂው ነበር። ስቶል በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ ሰውየው 450 ያህል ኮምፒውተሮችን ሞክሮ ከ30 በላይ ለሆኑት ገብቷል። ከተሞከሩት መካከል የአሜሪካ ጦር ኮምፒውተሮች ይገኙበታል።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ከድርጊቱ ይልቅ በአተራረኩ ላይ ይታያል። ስቶል ሳይንቲስት ነውና ያየውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ማተሚያ አስሮ የሰርጎ ገቡን እያንዳንዱን ፊደል በወረቀት ያስቀራል። ሰውየው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚገኝ ለማወቅም መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ለክቶ ያሰላል። አንባቢ የኮምፒውተር ቋንቋ ባያውቅ እንኳ የማወቅ ጉጉት ምን እንደሚመስል ያያል። ማርታ የተባለችው የፍቅር ጓደኛው፣ የጋራ መኖሪያ ቤታቸው፣ የብስኩት አሠራር ሳይቀር በትረካው ውስጥ ገብቷል። ይህ አንዳንዱን አንባቢ ያሰለቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ለሰርጎ ገቡ ወጥመድ የሆነው ሐሳብ፣ ማለትም ምስጢራዊ የሚመስሉ የሐሰት ሰነዶችን አዘጋጅቶ ማማለል፣ የመጣው ከማርታ ነው። ቤተሰባዊው ታሪክ ከዋናው ታሪክ ጋር የተሰፋው በዚህ ክር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘልቀው የመጽሐፉ ክፍል የደጅ ጥናቱ ነው። ስቶል ወደ ኤፍ ቢ አይ ሲደውል የጠፋው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፤ «75 ሳንቲም» ሲል ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ሲ አይ ኤ ያዳምጣል፤ ነገር ግን የሥልጣኑ ክልል አይደለም። የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ይጠይቃል፤ ነገር ግን አይመልስም። ሁሉም መረጃውን ይፈልጋል፤ ኃላፊነቱን ግን የሚወስድ የለም። ትዕይንቱ ደጋግሞ ስለሚመጣ በመጽሐፉ ወገብ ላይ ትረካው ይጎተታል፤ ይሁንና ድግግሞሹ ራሱ ምስክርነት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይበቃም፤ ጅቡ ገና ጎተራው ውስጥ እያለ ውሾቹ የማን ግቢ እንደሆነ ይከራከራሉና።

መጽሐፉ ጉድለት አለው። ሰርጎ ገቡ ማርኩስ ሄስ የሀኖቨር ወጣት ሲሆን፣ ከግብረ አበሮቹ ጋር የዘረፈውን መረጃ ለሶቪየቱ ኬ ጂ ቢ ይሸጥ ነበር፤ በ1990 ተፈርዶበት ቅጣቱ በገደብ ታልፎለታል። በትረካው ውስጥ ግን ሰው ሆኖ አይታይም፤ በማተሚያ ወረቀት ላይ የሚታይ የትእዛዝ መስመር ብቻ ነው። ምን እንደገፋፋው፣ በምን ዓይነት ኑሮ ውስጥ እንደነበር የሚጠይቅ አንባቢ የሚያገኘው መልስ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ጉድለት የከበደ ነው። ስቶል ዱካውን ለመያዝ ሲል በሩን ክፍት አድርጎ ለወራት ተመለከተ። ሰርጎ ገቡ ወደ አደገኛ ፋይል ሲቃረብ የቁልፍ መያዣውን በስልክ ገመዱ ጫፎች ላይ እያስነካ፣ መስመሩ የተበላሸ እስኪመስል ድረስ ያውከው ነበር። ዘዴው ብልሃት ነው፤ ግን አንድ ሰው በሌሎች ቤት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እየመዘነ «ይህ ይለፍ፣ ይህ አይለፍ» የሚልበት ሥልጣን ከየት መጣ? ደራሲው ጥያቄውን ይነካዋል፤ ነገር ግን በአደኑ ደስታ ተወስዶ አይጨርሰውም።

ያቺ የቁልፍ መያዣ ግን መጽሐፉን ከዛሬው ዘመን ጋር የምታገናኝ ዕቃ ናት። በ1986 መስመሩ የሚጨበጥ ገመድ ነበር፤ ሊከተሉት፣ ሊነቅሉት፣ ቁልፍ ሊያስነኩት ይቻል ነበር። ገመድ አልባው መረብ ይህን ሁሉ አስቀረ። የሬዲዮ ሞገድ አጥር አያውቅም፤ ግድግዳ አልፎ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ የመከላከያው ሸክም በሙሉ በምስጠራ ላይ ወደቀ። በ1997 ለዋይ ፋይ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ምስጠራ፣ ዌፕ፣ በስሙ ከገመድ እኩል የሆነ ምስጢራዊነት እንደሚሰጥ ተስፋ ይሰጥ ነበር፤ በ2001 ግን ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ቁልፉ ከአየር በተለቀመ መልእክት ሊታወቅ እንደሚችል አሳዩ። ይህ እየታወቀ፣ ቲ ጄ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ የሱቆች ኩባንያ በመደብሮቹ በዌፕ መጠቀሙን አላቆመም ነበርና በዚያ በኩል ተዘርፎ፣ በ2007 ቢያንስ የ45.7 ሚሊዮን ካርዶች ቁጥር መወሰዱን አሳወቀ። በዚያው ቦታ የተተካው የተሻለ ምስጠራ፣ ደብልዩ ፒ ኤ 2፣ ራሱ በ2017 ቤልጂየማዊው ማቲ ቫንሆፍ ባገኘው ስንጥቅ ምክንያት መጠገን አስፈልጎታል። መቆለፊያ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ አይደለም፤ እንደ ጣራ በየክረምቱ ይታያል።

የፋብሪካው የይለፍ ቃል ታሪክም አላበቃም። ከሀኖቨሩ ወጣት 30 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃላትን ብቻ ይዞ በየቤቱ ያሉ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በኦክቶበር 21 ቀን እነዚያ ዕቃዎች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በአንድነት ዘምተው፣ ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ አገልጋይ ድርጅት አጨናነቁ፤ ብዙ ታላላቅ ድረ ገጾችም ለሰዓታት ተቋረጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚለው የአበው ቃል በክፉ ጎኑ ተፈጸመ።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኬንያ ኤም ፔሳ በ2007፣ በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021 ከተጀመሩ ወዲህ የገበሬውና የጉልት ነጋዴዋ ገንዘብ በስልክ ውስጥ ሆኗል። በሁለተኛው ትውልድ የስልክ መረብ ስልኩ ማንነቱን ለጣቢያው ያረጋግጣል እንጂ ጣቢያው ለስልኩ አያረጋግጥም፤ ይህን ክፍተት ተከታዩ ትውልድ አስተካክሎታል። ሌባው ግን ይህን ያህል ምሕንድስና አያስፈልገውም። «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው» ብሎ የምስጢር ቁጥር መጠየቅ፣ ወይም የሌላውን ሰው ሲም ካርድ ጠፋብኝ ብሎ በስሙ ማውጣት ይበቃዋል። ይህም የኩኩ እንቁላል ነው፤ ባለጎጆዋን የሚያታልለው የራሷን መስሎ ነው። የተዘረፈው ሰው ከስልክ ድርጅቱ ወደ ባንኩ፣ ከባንኩ ወደ ፖሊሱ ሲመላለስም በስቶል መጽሐፍ ውስጥ የነበረው ደጅ ጥናት ይደገማል። ልዩነቱ፣ ስቶል ደመወዝተኛ ተመራማሪ ስለነበር ለመጠበቅ ጊዜ ነበረው፤ የጉልት ነጋዴዋ ግን የላትም።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ፍርድ እዚህ ላይ ይመዘናል። ስቶል መረብ የተሠራው ከገመድ ሳይሆን ከመተማመን ነው ይላል፤ በዚህ ትክክል ነው። መተማመኑን የሚጠብቀው ንቁ ግለሰብ ነው የሚል ስሜት ጥሎ ማለፉ ግን ያጎድለዋል። የይለፍ ቃሉን ያልቀየረ ተጠቃሚ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ለሁሉ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሰጥቶ የሸጠው ፋብሪካ ከእርሱ ይብሳል። ብሪታንያ ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሕግ መከልከሏ፣ ኃላፊነቱ ከገዢው ወደ ሻጩ ሊተላለፍ እንደሚችል ያሳያል። «ዘ ኩኩስ ኤግ» ይህን ሕግ አላለመም፤ ይሁንና አስፈላጊነቱን ከማንኛውም የቴክኒክ መመሪያ በተሻለ ያስረዳል። 75 ሳንቲም ጠፋብኝ የሚል ሰው ሲመጣ «ስንት ነው?» ከማለት በፊት «እንዴት ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢሮ ገና ያስፈልጋል።