መቼ ነው የሚከፈተው?

ደንበኛ የሚነግረኝ ቦታውን ነው። «የኋላ ኮፈኑ አልከፈት ብሏል፤ ሞተሩ ተቃጥሎ መሰለኝ።» እኔ የምፈልገው ግን ጊዜውን ነው። ፊውዙ የሚበጠሰው መክፈቻውን ሲጫኑ ነው? ኮፈኑ ሲዘጋ? የማታ መብራት ሲበራ? ወይስ ዝናብ ሲዘንብ? ይህን አስተውሎ የመለሰልኝ ሰው ቴስተሬን ከሳጥኑ ሳላወጣ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል።

ከመኪናው አካል ወደ ኋላ ኮፈን የሚሻገሩት ሽቦዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ጎማ ውስጥ ታስረው ነው የሚያልፉት፤ የመክፈቻው፣ የታርጋ መብራቱ፣ ካሜራ ካለም የካሜራው። ማጠፊያው ጋ ሲደርሱ ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር አብረው ይታጠፋሉ። ዓመታት ሲቆዩ ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና መዳቡ ይገለጣል። የተገለጠው ሽቦ ቆርቆሮውን ከነካ ወደ ማሳ ሾርት ያደርጋል፤ ፊውዙ ይበጠሳል። ጎረቤቱን ሽቦ ከነካ ግን ፊውዙ ደህና ሆኖ ጉዱ ሌላ ነው። የማታ መብራት ባበሩ ቁጥር ኮፈናቸው ብድግ የሚልባቸው ደንበኞች ይመጣሉ፤ መኪናዋን ጠበል ማስረጨት ብቻ ነው የቀራቸው። የታርጋ መብራቱ ኤሌክትሪክ ወደ መክፈቻው ሽቦ እየተሻገረ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ክረምት ሲገባ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ታርጋው አካባቢ ያለውን መክፈቻ ነው፤ ጎማው ተልጦ ውሃ ያስገባል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። 10 አምፒር የሆነው ቀዩ ሲበጠስበት 30 አምፒሩን አረንጓዴ ይሰካበታል፤ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚወትፍም አለ። ያኔ ፊውዙ ይተርፍና ሽቦው ይቃጠላል፤ ያውም ብቻውን ሳይሆን ምንጣፉ ሥር ከጎኑ የተኙትን ጨምሮ።

እኔ ፊውዝ እየሰኩ መሞከር አልወድም። በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አስገባለሁ። አምፖሉ ከ2 አምፒር ያለፈ ስለማያሳልፍ ሾርቱ እያለም ሽቦው አይግልም፤ እኔም ተረጋግቼ እፈልጋለሁ። መክፈቻው ሳይነካ ቦግ ካለ ጥፋቱ ከፊውዙ እስከ መክፈቻው ባለው መንገድ ላይ ነው። ካልበራ የኮፈኑን ሞተር ሶኬት ነቅዬ መክፈቻውን አስጫናለሁ፤ አሁን ከበራ ሾርቱ ከመክፈቻው ወደ ኋላ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው፣ ሞተሩ በነፃ ይለቀቃል። ቀጥሎ ረዳቴ አምፖሉን እያየ ኮፈኑን በቀስታ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። የዚህ ዓይነት ብልሽት መኪናው ዝም ብሎ ሲቆም ይደበቃል፤ ሲነቃነቅ ብልጭ ይላል።

እዚህ ላይ ቴስተር ሊያታልል ይችላል። ሽቦው ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዱ ብቻ ቢተርፍ ቴስተሩ «ጢጥ» ብሎ ደህና ነው ይላል፤ ሞተሩ የሚፈልገውን አምፒር ግን ያ አንድ ክር አይሸከምም። ስለዚህ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ይዤ ሳብ አደርጋለሁ። ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ላዩ ሲታይ ምንም ያልሆነ የሚመስለውን ጣት ያገኘዋል።

(አላርም እዚህ አገር የተገጠመለት መኪና ከሆነ ግን ማጠፊያው ጋ ከመሄዴ በፊት ዳሽቦርዱ ሥር አያለሁ። እዚያ ተጠማዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ አይጠፋም።)

ጥገናው ላይ የምጣላው ከናስትሮ ጋር ነው። የተሰነጠቀውን ጠቅልሎ መላክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ከተሰነጠቀ አብረውት የሚታጠፉትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ማጠፊያው ላይ መበየድም አይሆንም፤ የተበየደው ቦታ ይደርቅና ጠርዙ ላይ እንደገና ይሰበራል። የሚታጠፈውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቆርጬ በለስላሳ ሽቦ እተካለሁ። መጋጠሚያዎቹን ከማጠፊያው ወዲያና ወዲህ አርቄ እበይዳለሁ፤ ጎን ለጎን እንዳይገጥሙም አንዱን አጠር ሌላውን ረዘም አድርጌ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለብሳቸዋለሁ። ጎማውን ወደ ቦታው የማይመልስ ባለሙያ ግን ሥራውን አልጨረሰም፤ ውሃው በዚያው ይገባል።

ሂሳብ ላይ «ምን ቀየርክ?» ይሉኛል። ሞተር ቀይሬ ቢሆን ካርቶኑን አይተው ይከፍሉ ነበር፤ ለፍለጋ መክፈል ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የቆረጥኩትን ሽቦ አልጥለውም። እጃቸው ላይ አስቀምጬ «እስኪ ሳብ ያድርጉት» እላለሁ።