ስለ ዟሪ ሞተር መጋዝ አመዛዘን

ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስቶን የሌለው፣ በሲሊንደር ፈንታም ወገቡ ጥቂት ገባ ያለ ሞላላ ቤት ያለው፣ በዚያም ቤት ውስጥ ባለሦስት ማዕዘን ብረት እየዞረ ኃይል የሚያወጣ የሞተር መጋዝ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ሳክስ ዶልማር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ሠርቶ ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ ስሙም ኬ.ኤም.ኤስ. 4 ይባላል። ዛሬ ይህን መጋዝ የሚሻ ሰው የሚያገኘው ከአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች እጅ ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በብርቅነቱና በመልኩ ነው። እኔ ግን ይህ አመዛዘን የተገለበጠ ነው እላለሁ፤ የዚህ መሣሪያ ክብሩም ውርደቱም ያለው ዐይን በማያየው፣ ጣትም በማይደርስበት ቀጭን የብረት ጠርዝ ላይ ነውና።

የነገሩን ሥር ለሚጠይቅ፣ ፌሊክስ ቫንክል በ1902 በላር ከተማ የተወለደ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳይማር በራሱ ጥረት ለሊቅነት የበቃ ሰው ሲሆን፣ ብዙ ዘመን የደከመበት ምርምር እሳትና ጋዝ በሚንቀሳቀሱ ብረቶች መካከል እንዳያመልጡ የመዝጋት ጥበብ ነበር። በኤን.ኤስ.ዩ. ፋብሪካ የተሠራው የመጀመሪያው ሞተሩ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1957 ተነሥቶ ዞረ፤ በዚያ ሞተር ውስጡም ቤቱም አብረው ይዞሩ ስለ ነበር፣ ሐንስ ዲተር ፓሽከ የተባለው መሐንዲስ ቤቱ ቆሞ ውስጡ ብቻ የሚዞርበትን፣ ለመሥራትም የሚቀለውን መልክ ሰጠው። የሽቫይንፉርቱ ፊሽተል ኡንድ ሳክስ ፋብሪካ በ1960 ትንንሾቹን ዟሪ ሞተሮች ለመሥራት ፈቃድ ገዛ። ዶልማር ደግሞ ኤሚል ሌርፕ በሃምቡርግ ያቋቋመው፣ በ1927 ሁለት ሰው የሚሸከመውን፣ 58 ኪሎ የሚመዝነውን የቤንዚን መጋዝ በቱሪንገን በሚገኘው የዶልማር ተራራ ላይ የፈተነ፣ ስሙንም ከዚያ ተራራ የወሰደ ፋብሪካ ነው። ኋላ ዶልማር በሳክስ እጅ ሲገባ፣ መጋዝ የሚያውቀውና ዟሪ ሞተር የሚያውቀው በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ።

በዚያ ዘመን ደን ቆራጮችን ያሠቃይ የነበረው ንዝረት ነው። ፒስቶን በየዙሩ ቆሞ ስለሚመለስ መጋዙን ያርገፈግፈዋል፤ ይህም ከዓመት ወደ ዓመት በጣቶች ደም ሥርና ነርቭ ላይ ጉዳት እያደረሰ፣ በብርድ ጊዜ ጣቶቹን ያነጣቸውና ያደነዝዛቸው ነበር። ዟሪው ብረት ግን ቆሞ የሚመለስበት ጊዜ የለውም፤ ክብደቱም በተቃራኒ ሚዛን ሊስተካከል ይችላል። ሆኖም መሣሪያው ቤንዚን የሚያበዛ፣ አሠራሩም ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነበር፤ የፒስቶኑም መጋዝ እጀታውን ከሞተሩ በጎማ ለይቶ ንዝረቱን ይቀንስ ስለ ነበር፣ የዟሪው መብለጫ ጠባብ ነበር።

አሁን ወደ ምዘናው እንግባ። መጋዝ ሲቀርብልህ ቀለሙን ከማየትህ በፊት፣ ማብሪያውን አጥፍተህ የማስነሻውን ገመድ በዝግታ፣ እስትንፋስህን እስክትሰማ ድረስ በጸጥታ ሳብ። ባለሦስት ማዕዘኑ ብረት አንድ ጊዜ ሲዞር፣ የሞተሩ ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ የዘንግ ዙርም ከሦስቱ ጎኖች አንዱ ቤንዚንና አየሩን አምቆ እጅህን ይቃወማል። እንግዲህ በተከታታይ የምትቆጥራቸው ሦስት ተቃውሞዎች የሦስቱ ጎኖች ቃል ናቸው። ሦስቱ እኩልና ጠንካራ ከሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሁለቱ ደክመው አንዱ ብቻ ከበረታ፣ በሁለቱ ደካሞች መካከል ያለው የማዕዘን ፋሻ፣ ማለትም በማዕዘኑ ጫፍ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ጋዙን የሚዘጋው ቀጭን ብረት፣ ተበልቷል ወይም በጎድጓዳው ውስጥ ተጣብቋል ማለት ነው፤ አንድ ማዕዘን ሁለት ጎኖችን ስለሚለይ ጉድለቱ በሁለቱም ላይ ይታያልና። አንዱ ብቻውን ከደከመ ደግሞ ጥርጣሬህ በዟሪው ብረት ግራና ቀኝ ገጽ ባሉት የዚያ ጎን ፋሻዎች ላይ ይሁን። የድጓ መምህር ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው ሲያዜሙ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ያሳሳተው ማን እንደ ሆነ እንደሚለይ፣ ልምድ ያለው እጅም ከሦስቱ የትኛው እንደ ጐደለ ይለያል። ለፒስቶን ሞተር የተሠራው የተለመደው የእመቃ መለኪያ እዚህ ያሳስታል፤ ከሦስቱ የበረታውን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚቆም፣ የደከሙትን በብርቱው ጥላ ሥር ይሸሽጋቸዋል።

በዚህ ምርመራ ላይ የሚሠራ አንድ ተንኰል አለ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት የፈሰሰበት ሞተር ለጥቂት ደቂቃ እንደ አዲስ ያምቃል፤ ዘይቱ የተበላውን ጠርዝ ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ካንዴላውን ራስህ ንቀል፤ በዘይት ርሶ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቅ። ከዚያም ካንዴላውን መልሰህ፣ ሞተሩ ተነሥቶ በሚገባ ከሞቀ በኋላ አጥፍተህ ገመዱን እንደ ገና በዝግታ ሳብ፤ በብርድ መልካም ሆኖ በሙቀት የሚደክም ሞተር እውነቱን የሚናገረው በሁለተኛው ምርመራ ነው።

ካንዴላው በተነቀለ ጊዜ በቀዳዳው ትንሽ መብራት አብራበት፤ ማየት የሚቻለው ከግድግዳው ጥቂቱን ቢሆንም ጥቂቱ ብዙ ይናገራል። ማዕዘኑ በግድግዳው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ የሚቀርጸው፣ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ተከታትሎ የተደረደረ ሰንበር አለ፤ የጃፓኑ የማዝዳ መሐንዲሶች የሰይጣን ጥፍር ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው። ያልጐደጐደ ቀላል ጥላ ከሆነ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ጐድጉዶ ከተቀረጸ ግን አዲስ ፋሻ ብታስገባም ያንኑ ፋሻ መልሶ ይበላዋል። የካንዴላውም ዙሪያ ስንጥቅ እንዳይኖረው ተመልከት፤ በዚህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ወገን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ የሚነደውም ሁልጊዜ የሚነድ ስለ ሆነ፣ እሳቱ የሚያርፈው ዘወትር በአንድ ስፍራ ነው።

የሳክስ ትንንሽ ዟሪ ሞተሮች ያላቸው አንድ ጠባይ ደግሞ ለገዢውም ለባለቤቱም መታወቅ አለበት። የሚገባው ቤንዚንና አየር ወደ እሳቱ ከመድረሱ በፊት በዟሪው ብረት ሆድ ውስጥ አልፎ ያቀዘቅዘዋል፤ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም በዚያው መንገድ ተሸካሚዎቹን ያለሰልሳል። ስለዚህ ካርቡራተሩ ቤንዚን እንዲያሳንስ የተቃና እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ማቀዝቀዣውና ማለስለሻው በአንድነት ይቀንሳሉ። ሞተሩ ፈጥኖ ሲጮኽ ደስ የሚለው ሰው ካርቡራተሩን እያጠበበ ሊገድለው ይችላል። በዝግታ ሲዞር ጥቂት ቢንገዳገድ አትፍረድበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ አንድ ወጥ ሆኖ ካልጸና ግን ፍረድበት።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ዳግመኛ የተቀባ መጋዝ ገመዱን በፍጥነት ስቤ፣ መነሣቱን ብቻ አይቼ ገዛሁ። ለሦስተኛ ግንድ ሳይደርስ ደከመ፤ ሲከፈትም ከማዕዘን ፋሻዎቹ የአንዱ ሥር ምላስ የመሰለችው ስፕሪንግ የለችም ነበር። ቀድሞ የከፈተው ሰው ጥሏት ይሆናል። መለዋወጫው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ያለ በቂ ምክንያት፣ ምሥጢሩን ለማየት ሲባል ብቻ የተከፈተ ሞተር ያልተከፈተውን ያህል አይታመንም። ፋብሪካው በቀባው ቀለም ላይ ያለ የሥራ ጭረት ግን ለእኔ ነውር አይደለም፤ ከአዲስ ቀለም ይልቅ ምስክርነቱ የጸና ነው።

በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠውም አይማርክህ። ያረጀ ዘይት እንደ ሙጫ እየደረቀ ፋሻዎቹን በጎድጓዳቸው ውስጥ ያጣብቃቸዋል፤ ስለዚህ ይህን መጋዝ የሚጠብቀው ሥራ ነው። ትኩስ ቤንዚን በታዘዘለት የዘይት ልክ ቀላቅለህ፣ ሰንሰለቱን ስለህ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ፈትነህ፣ ዐይንህን፣ ጆሮህንና እግርህን ሸፍነህ እንጨት ቁረጥበት፤ ባዶውን አታስጩኸው። ስትጨርስም ወዲያው አታጥፋው፣ ጥቂት በዝግታ እየዞረ ይብረድ። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው እንደ ሆነ ቤንዚኑን ከሳጥኑም ከካርቡራተሩም አራግፍ።

ሻጩ ገመዱን በዝግታ እንድትስብ ወይም ካንዴላውን እንድትነቅል የማይፈቅድ ከሆነ፣ መጋዙ ምንም ያህል ቢያምር፣ አትግዛው።