የብራና እርማት

በግእዝ «ሠዐለ» ማለት ሥዕል ሳለ ማለት ነው፤ «ሰአለ» ማለት ደግሞ ለመነ። ዛሬ ሁለቱን ቃላት ጆሮ አይለያቸውም፤ የምትለያቸው ዓይን ናት። ቁም ጸሐፊው ከፊቱ ከተዘረጋው መጽሐፍ አንድ ሐረግ ያነባል፣ በልቡ ይደግመዋል፣ ብዕሩን አጥቅሶ ይጽፋል። በማንበብና በመጻፍ መካከል ባለችው በዚያች አፍታ ቃሉ በድምፅ ብቻ ይኖራል። ሥዕል የሳለው ሰው ሲለምን የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ጸሐፊው ስሕተቱን ካየ ብዕሩን አስቀምጦ ካራ ያነሣል።

ካራው የሚሠራው ቀለሙ ስለሚፈቅድለት ነው። የብራና ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻው ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ለወራት ይብላላል። እንዲህ ያለ ቀለም ቆዳው ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ አይሰርግም። አውሮፓውያን ለዘመናት የጻፉበት ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ግን ቆዳውን ይነክሳል፤ በጊዜ ብዛት ሊበላውም ይችላል። የኛው ጥቁር ቀለም በጥንቃቄ ከፋቁት ይነሣል።

አፋፋቁ ልክ አለው። የካራው ስለት ወደ ገጹ ጋደም ይላል። ጫፉ ከቆመ ይቆፍራል። ፊደሉ በአጫጭር ፍቀት፣ በቀጭን በቀጭኑ ይላጣል። ቀለሙ ሲያልቅ እጅ ወዲያው መቆም አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ቆዳ ነው። የተፋቀው ቦታ ጭረት ያወጣል። እንዳለ ከተጻፈበት ቀለሙ በጭረቱ መካከል ይፈሳል፤ የፊደሉ ጠርዝም ይደበዝዛል። ስለዚህ ቦታው በለስላሳ ነገር ታሽቶ እንደገና ይተኛል። አዲሱ ፊደል የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

መግባቱም ስሌት ይጠይቃል። «ሰአለ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ሠዐለ»ም ሦስት። ከሦስቱ ሁለቱ ይፋቃሉ፣ ሁለት ይተካሉ፣ «ለ» ሳይነካ ይቀራል። ቃሉን ከጎረቤቱ የሚለዩት ሁለት ነጥቦችም አይንቀሳቀሱም። አዲሱ ቃል ከአሮጌው ሲረዝም ግን ፊደላቱ ትከሻቸውን ያጠባሉ። ሲያጥር ዘርዘር ብለው ይቆማሉ። ገጹን በክንድ ርቀት ለሚያይ ሰው መስመሩ እኩል ነው። ቀረብ ብሎ ወደ ብርሃን ያዘነበለው ግን እርማቱን ያገኘዋል። ቦታው ሳስቷል፤ ከዙሪያው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል። የቆዳው ወዝም እዚያ ላይ ይቋረጣል።

በካራ የማይድን ስሕተት አለ። አንድ ቃል በሁለት ተከታታይ መስመሮች ላይ ሲገኝ ዓይን ከመጀመሪያው ተነሥታ ሁለተኛው ላይ ታርፋለች፤ በመካከል ያለው ሁሉ ይቀራል። የሌለ ነገር አይፋቅም። የጎደለው አንድ ቃል ከሆነ ጸሐፊው ብዕሩን አቅጥኖ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ከሚገባበት ቦታ በላይ ይጽፈዋል። የጎደለው ዐረፍተ ነገር ከሆነ ወደ ኅዳጉ ይወጣል። ከዚያም ትንሽ የመስቀል ቅርጽ ያለው ምልክት ሁለት ጊዜ ይደረጋል፦ አንዱ ጽሑፉ በጎደለበት፣ ሌላው በኅዳጉ ጽሑፍ ራስ። አንባቢው ከምልክት ወደ ምልክት ሄዶ ይመለሳል።

ለተረፈ ቃል ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ቃል ሳይፍቁ ከላይና ከታች በቀጭን መስመር ያጥሩታል። ፊደላቱ እንዳሉ ይታያሉ፤ አንባቢው ግን ዘሏቸው ይሄዳል። ከእርማቶች ሁሉ ግልጹ ይህ ነው። የተሳተውንም የታረመውንም በአንድ ቦታ ያሳያል፤ አራሚው ራሱ ተሳስቶ ከሆነም መጀመሪያ የተጻፈው አልጠፋም።

ያው ካራ ለሌላም ሥራ ውሏል። በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የኋለኛው ባለቤት ስም ገብቷል። አፋፋቁ አንድ ዓይነት ነው፤ ቆዳው በሁለቱም ይሳሳል። አንዱ ቃሉን ወደ ምንጩ ይመልሳል፤ ሌላው ምንጩን ያጠፋል። ይህን ለመለየት የቆዳው ስስነት አይበቃም፤ የገባውን ቃል ማንበብ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። በጥቁርና ነጭ ፊልሙ ላይ የኅዳግ ምልክቱና አጥር የሆነው መስመር ይነበባሉ። የሳሳው ቆዳና የተቋረጠው ወዝ ግን ለዓይን የሚገለጹት መጽሐፉን በእጅ ይዘው ሲያዘነብሉት ነው።

«ማረም» በአማርኛ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ ሊቅ መጽሐፉን ያርማል። ጤፍ የሚያርም ሰው ጎንበስ ብሎ አረሙን ከሥሩ ይነቅላል፤ ጣቱ ግን አጠገቡ ያለችውን የጤፍ አገዳ አትነካም። ካራውም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉን ነቅሎ ቆዳውን ይተዋል። ማንም ያላረመው ማሳ አረም አልበቀለበትም ማለት አይደለም። አንድም እርማት የሌለበት ወፍራም መጽሐፍም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ጸሐፊው ፈጽሞ አልተሳሳተም፣ ወይም መጽሐፉን ከምንጩ ጋር ያስተያየው ሰው የለም።

በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስሕተት ቢገኝ ይቅር እንዲባል ይለምናል። አንዳንዶቹን ወደ ኋላ ሲገልጧቸው በመስመር መካከል በሌላ እጅ የተጻፈ ፊደል ይገኛል። ቀለሙ ከዙሪያው ይጠቁራል ወይም ይገረጣል፣ የ«ሠ» እግሮች አቋቋማቸው የተለየ ነው። ጸሐፊው ባለፈው ቃል ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፣ ምንጩን አይቷል፣ ካራ አንሥቷል። የለመነው ሰው እንደገና ይሥላል።