ጥሩ የጸዳ መስቀል በምን ይታወቃል?

ወር በገባ በ21 ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ምእመን አንገት አንገቱን ያየ ሰው፣ የብር መስቀል ሁሉ አንድ መልክ እንደሌለው ያስተውላል። አንዱ ተወልውሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አንዱ ከነጭራሹ ጠቁሯል። በሌላው ግን ከፍ ያለው ቦታ ነጥቶ፣ የተቀረጸው ጎድጓዳ እንደ ጠቆረ ቀርቶ፣ ሐረጉ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ሳይቀር ይነበባል። ለእኔ በደንብ የጸዳው ይህ ሦስተኛው ነው። አብዛኛው ሰው ጽዳትን የሚለካው በለቀቀው ጥቁረት ነው፤ እኔ የምለካው ከጽዳቱ በኋላ በሚታየው የአንጥረኛው እጅ ነው።

አንጥረኛው መስመር የሚቀርጸው ጥላ እንዲይዝለት ነው። ጥላው ተፍቆ ከወጣ ሐረጉና ሜዳው አንድ ይሆናሉ፣ ከኋላ የተቀረጸው የክርስትና ስምም ይደበዝዛል። ስለዚህ የጸዳ መስቀል ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ ጥንቃቄው የሚታወቀው ከጀርባው፣ ከጠርዙና ከማንጠልጠያው ነው። ጠርዙን በጥፍር ዳሰስ አድርጉት። በሞተር ብዙ ጊዜ የተወለወለ መስቀል ማዕዘኑ ይሟሽሻል፣ ጥፍር ያልፈዋል እንጂ አይዝም። ከዚያ ማተቡ የሚያልፍበትን ቀለበት እዩ። ክር ለዓመታት የፈገፈገው ቀለበት በውስጥ በኩል እየሳሳ ይሄዳል። እዚያ ላይ በብሩሽ አጥብቆ ማሸት መስቀሉን አንድ ቀን መንገድ ላይ መጣል ነው።

ለመፍረድ ጥቁረቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አሮጌ መስቀሎች የተሠሩት ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። 1780 የሚል ዓመት ያለበት ይህ የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺው 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ገበያው የሚገበያየው በዚህ ገንዘብ ነበር። ብሩም መዳቡም በየራሳቸው መንገድ ይበላሻሉ። ብሩን የሚያጠቁረው በአየር፣ በእንቁላል፣ በሽንኩርት፣ በሱፍና በላስቲክ ውስጥ ያለ ድኝ ነው። መዳቡ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል፤ በተለይ ጸጉሯን ቅቤ በምትቀባ ሴት ጉትቻና ወለባ ላይ፣ ቅቤው እየቆየ ሲኮመጥጥ። ሦስተኛው የዕጣንና የጧፍ ጥላሸት ነው። ይህ ከብረቱ ጋር አልተዋሐደም፣ ላዩ ላይ ተጣብቆ ነው ያለው፤ ጣት ሲነካው ያጣብቃል፣ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙናም ይለቃል። ከቤተ ክርስቲያን የማይለይ ሰው መስቀል ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ይኸው ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ ብሩ የጠቆረ መስሎት ይፍቀዋል።

ከቤት ውስጥ ዘዴዎች በጣም የተስፋፋው የፎይልና የቤኪንግ ሶዳ ነው። ሳህን ላይ አሉሚኒየም ፎይል ይነጠፋል፣ አንድ ማንኪያ ሶዳ ይነሰነሳል፣ የፈላ ውሃ ይፈስስበታል፣ ብሩ ፎይሉን እንዲነካ ሆኖ ይጋደማል። ወዲያው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ብቅ ይላል፤ ድኙ ብሩን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ዘዴው አንድ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል፦ ብሩን ስለማይፍቅ ክብደቱ አይቀንስም። ጉድለቱ ግን ጎድጓዳውንም ጉብታውንም እኩል ማንጣቱ፣ መልኩንም ኖራ ኖራ ማስመሰሉ ነው። ሐረግ ለሌለው ሰንሰለትና ለለስላሳ አምባር መልካም ነው። ለተቀረጸ መስቀልና ለኩክ ማውጫ ግን አልመክረውም። ባለ ድንጋይ፣ በሙጫ የተያያዘ ወይም ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ ጨርሶ አይግባበት። ሌላም ነገር ይነግራችኋል፦ ብር ተብሎ የተሸጠላችሁ መስቀል ኒኬል ከሆነ ይህ ውሃ እምብዛም አይለውጠውም።

የተቀረጸ መስቀል የሚጸዳው በጣት ነው። ያረጀ የጥጥ ጨርቅ አንድ እጥፍ ብቻ አድርጋችሁ በጣታችሁ ላይ ወጥሩ፣ ጣቱን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በሐረጉ ላይ ሳትጫኑ አሳልፉ። ጣት ጎድጓዳ ውስጥ አይገባም፤ የሚነካው ከፍ ያለውን ብቻ ነው፣ የሚነጣውም እሱ ነው። ብሩሽ ግን ጥርሱ ጎድጓዳው ድረስ ይወርዳል። ጨርቁ ብቻውን ካቃተው፣ ሙዚየሞች እንደሚያደርጉት በጣም የላመ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት በውሃ ለውሶ በጥጥ ማሸት ይቻላል። ማተባቸውን መፍታት የማይወዱ ሰዎች አሉ፣ እኔም አከብረዋለሁ። ለእነሱ ደረቅ ጨርቅ በየሳምንቱ ይበቃል፤ መስቀሉ አንገት ላይ እንዳለ ይታሻል።

አመድና የጥርስ ሳሙና የሠሩትን ጥፋት መስኮት አጠገብ በጎን ብርሃን ታዩታላችሁ፦ ጸጉር የመሰለ ጭረት በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል። የሎሚ ጥፋት ግን ቆይቶ ነው የሚመጣው። አሲዱ መዳቡን ያጠቃል፤ በስንጥቅ ውስጥ የቀረው ጠብታም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ይመለሳል።

ወርቅን ማጽዳት ቀላል ነው። ባለ 21 ካራት ከሺው 875፣ ባለ 18 ደግሞ 750 ንጹሕ ወርቅ አለው፤ የሚያደበዝዘውም በአብዛኛው የሰውነት ቅባት፣ ሎሽንና አቧራ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። በሳህን እንጂ ሲንክ ላይ አይታጠብ። በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ድሪ ከሆነ፣ ሽቦዎቹ መካከል ነጭ የሳሙና ዝቃጭ ከታየ ያለቅላቂው ጥፋት ነው። በረኪና ወርቅ አይንካ፤ ክሎሪኑ ከወርቁ ጋር የተቀላቀለውን ብርና መዳብ ይበላል። ወርቅ ቅብ ደግሞ ጠርዙ ላይ ነጭ ብር ወይም ቢጫ ነሐስ ብቅ ካለ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ማሸት ማባባስ ነው።

ድንጋይ ያለበት ጌጥ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የወሎው ኦፓል ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ የተገኘው ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ሳህን ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋል፣ መስታወት ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ደርቆ ቀለሙ ይመለሳል። ሳሙና፣ ዘይት ወይም ሽቶ ከጠጣ ግን ቢጫነት ሊቀርበት ይችላል። የኦፓል ቀለበት ጥሩ ጽዳት ድንጋዩ ሳይረጥብ ብሩ ብቻ የጸዳበት ነው። የሻኪሶ ኤመራልድም ስንጥቁ በዘይት የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ሙቅ ውሃ አይንካው። ጨሌ ውስጥ ደግሞ የሚበሰብሰው ክሩ ነው፤ ዶቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ክሩን ማደስ ይሻላል።

ዓይንን ለማሠልጠን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው ሙዚየም የምኒልክንና የጣይቱን ዘመን ዘውዶችና አልባሳት ያሳያል። በዚያው መንገድ ወደ ታች ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ከየዘመኑ የተሰበሰቡ መስቀሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎድጓዳቸውን እዩ። ጥቁሩ መስመሩን ምን ያህል እንደሚያጎላው አንድ ጊዜ ያየ ሰው ቤቱ ያለውን መስቀል በሌላ ዓይን ያየዋል።

በክረምት፣ በተለይ እንጦጦን በመሰለ ጉም በማይለየው ደጋ፣ ብር በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ላስቲክ አይታሰርበት። ከአያት የወረሳችሁት፣ ስም የተቀረጸበት ወይም በወርቅ የተለበጠ መስቀል ካላችሁም እባካችሁ ከደረቅ ጨርቅ አትለፉ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከመሰላችሁ ለምታምኑት አንጥረኛ አሳዩት፣ ከመስጠታችሁ በፊትም «ጎድጓዳውን አትንካው» በሉት።