ዱንጉዛ በአደባባይ፣ ቡሉኮ በቤት

በወላይታ የዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ወላይታ ሶዶ የዋለ ሰው ባህላዊውን ጨርቅ ዱንጉዛን ሳያይ አያመሽም። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሮቹ ከቀሚስና ከኮት አልፈው ኮፍያ፣ ከረባት፣ የሶፋ ትራስና የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወጥተዋል። ስለ ሦስቱ ቀለማት ትርጉም የሚጽፍም የሚናገርም አይጠፋም። ጨርቁ ከምን ክር፣ በማን እጅ፣ በምን ዋጋ እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዱንጉዛ በገበያ የሚታወቀው በመልኩ ነው፤ መልክ ደግሞ ይቀዳል። የማተሚያ ማሽን ሦስቱን ቀለማት ፖሊስተር ላይ አትሞ ሲጨርስ ሸማኔው ገና ድሩን አልዘረጋም። በእጅ የተሸመነውም ቢሆን ቀለሙ የሚደምቀው ከፋብሪካ በመጣ፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ በሆነ ክር ነው። የእጅ ሽመና አካባቢን አይጎዳም የሚለው የተለመደ ውዳሴ እዚህ ላይ ይሰናከላል። መሣሪያው መብራት አይፈልግም፣ ጭስም የለውም። ክሩ ከነዳጅ ተዋጽኦ ከሆነ ግን ጨርቁ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ በታጠበ ቁጥርም ደቃቅ ፕላስቲክ ከውሃው ጋር ይወርዳል።

የቤት ጨርቅን ለመመዘን እኔ ቡሉኮን አስቀድማለሁ። ወፍራሙ የጥጥ ብርድ ልብስ ቡሉኮ ጌጥ አይበዛበትም፤ የሚገዛው ሰው በእጁ ያነሳዋል፣ ያሸዋል፣ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ያየዋል። በፎቶግራፍ ቢቀዳ ሙቀቱ አብሮ አይቀዳም። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ በሴቶች እንዝርት ይፈተላል። ማጉ ለስለስ ያለ ወፍራም የእጅ ፈትል ስለሆነ አየር ያቁራል፤ የቡሉኮ ሙቀት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ሸማኔው መርገጫውን በረገጠ ቁጥር የሚፈጠረውን ውጥረትና መፋተግ ልል የእጅ ፈትል አይችለውም። ይህን እንደ መበረዝ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም፦ ድሩም ማጉም ጥጥ እስከሆኑ ድረስ የፋብሪካው ጥንካሬ የእጁን ልስላሴ ዕድሜ ያረዝምለታል።

ይልቅ የሚያሳስበው የወርዱ ጉዳይ ነው። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይልካል፤ የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ቡሉኮ ወርድ በወርድ እየተሰፋ የሚገጠመው ለዚህ ነው። የአልጋ ልብስና መጋረጃ የሚፈልገው የከተማ ደንበኛ ግን ያንን ስፌት ጉድለት ይለዋል። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 መወርወሪያን በገመድ የማስወንጨፍ ዘዴ ካወጣ ወዲህ አንድ ሰው ያለ ምንም መብራት ሰፊ ጨርቅ ብቻውን መሸመን ይችላል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ይህን ብልሃት በየሸማኔው ቤት ማስገባት ከብዙ ኤግዚቢሽን የበለጠ ይጠቅማል።

ጥጡስ ከየት ይምጣ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይታ ዞን 1.5 ሚሊዮን ሰው ይዞ ተገኝቷል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። በደጋው የእንሰትና የጎደሬ ጓሮ ላይ ለጥጥ የሚተርፍ መሬት የለም። ጥጥ የሚስማማው ቆላው፣ ወደ አባያ ሐይቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ ኦሞ የሚወርደው ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ገበሬዎችን ወደ አበላና በሌ ያሰፈረው በዚሁ የመሬት ጥበት የተነሳ ነበር።

መሬት የጠበበበት ቤት ልጁንም ይሰዳል። ከወላይታና ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት በሸማኔ ቤቶች ከትምህርት ተነጥለው ረጅም ሰዓት መሥራታቸው በሰነድ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያን ጨርቅ በሕፃናት የግዳጅ ጉልበት ከሚመረቱ ሸቀጦች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወርልድ ቪዥን በዚያው ሚኒስቴር ገንዘብ በወላይታ፣ በጋሞ ጎፋና በአዲስ አበባ ችግሩን የሚከላከል ፕሮጀክት አካሂዷል። ስለ ሽመናው ተፈጥሮ ወዳድነት ገጽ ሙሉ ጽፎ የሸማኔውን ዕድሜ የማያነሳ ጽሑፍ፣ ለእኔ፣ የሻጭ ማስታወቂያ ነው።

ከሌላ አገር አንድ ነገር መዋስ ይቻላል። የስኮትላንድ ሃሪስ ትዊድ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ሲጠበቅ ሕጉ ስለ ጥለቱ አልተጨነቀም። ጨርቁ በውጭ ሄብሪድስ ደሴቶች ከተፈተለ ሱፍ፣ በነዋሪዎቹ ቤት፣ በእጅ የተሸመነ ይሁን አለ። ጥበቃው ያረፈው በአሠራሩ ላይ ነው። እኛ ጋም መነሻ አለ፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ የንግድ ምልክትን ይፈቅዳል። የወላይታ ሸማኔዎች ምልክታቸውን በሦስቱ ቀለማት ላይ ቢያቆሙ ትርፉ ጠብ ነው፤ ዱንጉዛ በጋሞም ይሸመናል፣ ይለበሳልና። ጥጥ ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ወላይታ ውስጥ ለአቅመ ሥራ የደረሰ ሰው ሸምኖታል የሚል ምልክት ግን ማንንም ጎረቤት አያስቀይምም፤ ማተሚያ ማሽንም ሊያሟላው አይችልም። ገዥ የለውም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለው ድርጅት በእጅ የተሸመኑ የጥጥና የሐር የቤት ጨርቆችን ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል።

ከምልክቱ በፊት ግን የፈታይዋ ሒሳብ መታየት አለበት። አንድ ቡሉኮ ላይ ረጅሙን ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው፤ ሽመናው ከዚያ በእጅጉ ያጥራል። ይሁንና ስለ ሽመና ድጋፍ ሲወራ የሚጠራው ሸማኔው ብቻ ነው። ነገ በሚቋቋመው የምልክቱ ባለቤት ማኅበር ውስጥ አባላቱ ሸማኔዎች ብቻ ከሆኑ፣ የፈትልን ዋጋ የሚቆርጡት ፈትል ገዥዎቹ ራሳቸው ይሆናሉ።